የአራተኛ «ለ» ሬዲዮ

ድምፄ የተዘጋ ሰሞን ሰው ሁሉ ጉንፋን ነው አለኝ። እኔም ጉንፋን ነው አልኩ። ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠንኩ፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ የመንገደኛ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ። ጉንፋኑ አለፈ፤ ድምፄ ግን አልተመለሰም። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመስታወት አይቶ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ እባጮች ወጥተውብሻል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጮኺ ስለኖርሽ ነው አለኝ። ቢያንስ ዓመት ሙሉ ዝም ማለት አለብሽ፣ ከጮኽሽ ግን ጨርሶ ይጠፋል ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ሰውየው የምሠራውን ሥራ ጠይቆኝ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ ብዬው ነበር። አስተማሪን ዝም በዪ ማለት ምን የሚሉት ሕክምና እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

ወረቀቱን ለዲሬክተሩ ባሳየው የሚመጣውን አውቃለሁ። ገብረ መድኅን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበረን። የጠመኔ ብናኝ ሳንባውን ጎድቶት የሐኪም ወረቀት ይዞ ቀረበ፤ በቦርድ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ሰላም ስለው ፈገግ ይላል፣ ሸሚዙ ግን ባየሁት ቁጥር ይሰፋዋል። የኔ ባለቤት ወልደጻድቅ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ እንደወጣ ቀረ። እናቴና ሁለት ልጆቼ የሚበሉት እኔ በማስተምረው ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ከፍራሼ ሥር ከተትኩትና በነጋታው ክፍሌ ገባሁ።

ክፍሌ አራተኛ «ለ» ነው። ዘጠና ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከአራተኛ «ሀ» የሚለየን አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ። ልጆቹ እቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አደርኛ ይናገራሉ፤ አማርኛው በየጎዳናው የተለቃቀመ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በጩኸት እንጂ በሌላ አይያዝም፤ እኔም እድሜዬን በሙሉ በጩኸት ነው የያዝኩት። አሁን የቀረኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጠዋት ስገባ ተነሥተው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ሲሉኝ፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሲት ዳውን» ብዬ በከንፈሬ እመልሳለሁ፤ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ከንፈሬን አይተው ሲቀመጡ የኋለኞቹ እነሱን አይተው ይቀመጣሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያወጣችኝ ናፊሳ ናት። የክፍሉ አለቃ ነበረች። እናቷ ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ናፊሳም ከትምህርት በኋላ ከጎኗ ቆማ ገዢ ትጠራለች። ይህች ልጅ ቀፊራ ላይ ስትጣራ ድምፅዋ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ይሰማል እያልን እንስቅባት ነበር። እኔ በጆሮዋ ሹክ የምላትን እሷ ለክፍሉ ትናገራለች። ማካፈልን ሳይቀር እንዲህ አስተማርን። ሲሳካልን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ብዙም አልቆየም። ዲሬክተራችን አቶ ሸረፈዲን ድምፅዋን ቢሮው ሆኖ ሰምቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ወይዘሮ አሰገደች፣ ደመወዙን የሚወስደው ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ልጅቷ ብሎ ቀለደ። ወደ አንገቴ እያመለከትኩ ጉንፋን ነው አልኩት። ይህ ጉንፋን ረዘመብሽ ብሎ ሄደ፤ ዓይኑ ግን አልቀለደም። ከዚያ በኋላ ናፊሳን ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት፣ ቀነሰች።

ሬዲዮው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤታችን በሬዲዮ ለሚሰጠው ትምህርት የተላከለት አንድ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው፤ ዲሬክተሩ ቢሮ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎበት ይኖራል። አስተማሪው ሁሉ ይፈራው ነበር። ቢሰበር ከደመወዝህ ነው። ይልቁንም ደግሞ መርፌው ትንሽ ሸርተት ያለ እንደሆነ የሞቃዲሾ ጣቢያ ይገባል፤ ጦርነቱ ገና ባለፈበት በዚያ ዘመን እጁ ሬዲዮው ላይ የተገኘ ሰው የሚያስረዳበት ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህ ሁላችንም፣ መጽሐፉ ይበቃል እያልን የላኩልንን ዕቃ አቧራ አስጠጥተነዋል። እኔ ግን ሄጄ፣ ሬዲዮውን ለክፍሌ ስጠኝ፣ ኃላፊነቱን እኔ እፈርማለሁ ብዬ በወረቀት ጻፍኩለት። አቶ ሸረፈዲን ከራሱ ላይ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቁልፉን ሰጠኝ። መርፌውን ከጣቢያው ላይ አቆምኩና በሻማ ሰም አጣበቅኩት።

የዚያን ዕለት የሆንኩትን ሳልናገር አላልፍም። ሬዲዮው ተከፈተ፤ አንዲት ሴት በጠራ፣ በሙሉ፣ ባልታመመ ድምፅ፣ ልጆች እንደምን አደራችሁ አለች። አለቀስኩ። ዘጠና ልጅ ፊት፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ደግማችሁ በሉ ትልና ፋታ ትሰጣለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ። እንግሊዝኛ በሉት፣ ሳይንስ በሉት፣ ፕሮግራሙ አጭር ቢሆንም በቀረው ጊዜ የተባለውን በሰሌዳ እንደጋግመዋለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄ ከአዲስ አበባ በአየር ይመጣልኝ ነበር።

ችግሩ ድንጋዩ ነው። ያ ሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ በዚያን ጊዜ ድንጋይ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። የሕብረት ሱቁ ሲመጣ ይመጣል ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። እኛም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረግን፤ የደከመውን ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ አስመታነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ለሌላ ባይጠቅም ለዚህ ይጠቅማል። ድንጋዩ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል፣ ጥቂት ይናገራል፣ መልሶ ይደክማል። ልጆቹ ተራ ገብተው ጠዋት ያወጣሉ፣ ለፕሮግራሙ ያወርዳሉ።

ድንጋዩ እንዳያልቅብንም የሬዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግነው። እንዲሰማቸው ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ሬዲዮውን ከበው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘጠና ልጅ አንድ ላይ ሲደግም ደግሞ የሚቀጥለው ቃል ያመልጣል፤ ስለዚህ በሹክሹክታ ይደግሙ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። ሬዲዮው ሹክ ይላል፣ እኔ ሹክ እላለሁ፣ ናፊሳም ሹክ ትላለች፣ ልጆቹም ሹክ አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አራተኛ «ለ» ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጸጥተኛ ክፍል ተባለ። አቶ ሸረፈዲን ለሌሎቹ አስተማሪዎች ምሳሌ አድርጎ ሲያወራልኝ ሰማሁ። እንደዚያ ሲያሞግሰኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንድ ቀን የበሺር አባት ከበር ጠብቆ አገኘኝ። በሺር በጣም ትንሹ ተማሪዬ ነው፤ አባቱ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ሰላምታ ሳይጨርስ ሳቁ መጣበት። ልጁን እቤት እንግዳ ፊት በእንግሊዝኛ ቁጠር ብሎት፣ ልጁ በሹክሹክታ ቆጠረ። ጮክ በል ቢለው፣ እንግሊዝኛ እኮ ጮክ ተብሎ አይነገርም፣ አንተ ስላልተማርክ ነው አለው። አባትየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቄም ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከአውራጃው ኢንስፔክተር ይመጣል፣ የሬዲዮ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ በክፍል ተገኝቶ ያያል፣ ሬዲዮ ያለው ክፍል ደግሞ ያንቺ ብቻ ነው ተባልኩ። ያን ጊዜ ድንጋዮቻችን ጨርሰው ነበር። አንዱ ጣሪያው ላይ ብዙ ፀሐይ መትቶት ፈንድቶ ጥቁር ውሃ አውጥቷል፤ የቀሩት ቢሞቁም አይናገሩም። ሬዲዮው ካልተናገረ እኔ መናገር አለብኝ፤ እኔ ከተናገርኩ ደግሞ ሁሉም ነገር አለቀ። እንቅልፍ አጣሁ። ከዚራ ያሉትን የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በር አንኳኳሁ፣ ለወልደጻድቅ ትዝታ ስትሉ አልኳቸው። ሬዲዮ የነበራቸውም የኛም ከሞተ ቆይቷል አሉኝ። አንዲት ሴት ብቻ ከእጅ ባትሪዋ ልታወጣልኝ ፈልጋ ነበር፤ የእሷ ድንጋይ ቀጭን፣ የሬዲዮው ወፍራም ሆነብን።

በመጨረሻ ቀፊራ ሄድኩ። ሃሊሞ ቲማቲሟን ትታ ተነሣች። ልጅዋ ሁሉን ነግራት ኖሮ ምንም ሳልላት ጉሮሮዬን በእጇ ዳሰሰችው። ባቡሩ ከጅቡቲ መመላለስ ጀምሮ ነበር፤ በዚያ ባቡር ተደብቆ የሚመጣ ዕቃ አለ፣ ድንጋይም ሳይቀር፣ ፊናንስ የሚባሉት የጉምሩክ ፖሊሶች ደግሞ በየጣቢያው ይፈትሻሉ። የተያዘች ሴት ዕቃዋን ብቻ አይደለም የምታጣው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ እያወቅኩም ቆሜ ጠበቅኩ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ይሉኝታ የለውም።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አብሽሪ» አለችኝ። «ላንቺ ብዬ አይደለም። ልጄ ፊደል የያዘችው ባንቺ ነው።»

እንዴት እንዳመጣችው አልጠየቅኩም። ኢንስፔክተሩ ሊመጣ በዋዜማው ናፊሳ ከቦርሳዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ አዲስ ድንጋይ፣ ወረቀቱ ያልተላጠ። ሬዲዮው ውስጥ ስናስገባው ድምፁ ክፍሉን ናጠው። ልጆቹ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ተረፍኩ ብዬ አሰብኩ። የዚያን ዕለት ከደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ የታችኛውን ደረቅ አሸዋ እያየሁ፣ ካመት በኋላ ድምፄ ሲመለስ መጀመሪያ የምናገረውን ቃል እመርጥ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ጓድ ክፍሉ ይባላል። ረጅም፣ ካኪ የለበሰ፣ በተፈጥሮው ድምፀ ጎርናና ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ለልጆቹ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቷል። አቶ ሸረፈዲን ከኋላው ገባ፤ ሁለቱም ከክፍሉ ጥግ ተቀመጡ። ልጆቹን ወንበራቸው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፣ በወግ። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮውን ከፈትኩ። እንግሊዝኛ ነበር። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ሰላምታ ሰጠች፣ የምትናገረው ሁሉ እስከ ግቢው ድረስ ይሰማል። ጓድ ክፍሉ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ፣ ደግማችሁ በሉ አለች።

ዘጠና ልጅ በሹክሹክታ ደገመ።

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ፈገግ እንዳለ ጠበቀ። ሴትዮዋ ሁለተኛውን ቃል አለች፣ ፋታ ሰጠች፤ ልጆቹ በትክክል፣ አንድ ላይ፣ በሹክሹክታ ደገሙ። ቅጠል በነፋስ ሲንሿሿ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ጓድ ክፍሉ ተነሥቶ፣ አትፍሩ፣ ጮክ በሉ አላቸው። ልጆቹ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ለሚቀጥለው ቃል ይበልጥ ተጠንቅቀው ሹክ አሉ። በሺር እንደውም ለሰውየው አዝኖለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሳየው።

ሰውየው ሄዶ ሬዲዮውን ዘጋው።

በዚያ ዘመን ሹክሹክታ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ ካወራ፣ ያየው ሦስተኛ ሰው ምን ሲሉ ሰማህ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። በየቤቱ መስኮት እየተዘጋ ነው የሚወራው። እና ዘጠና ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ አስተማሪ እጅ፣ ሹክሹክታ ሠልጥኖ ተገኘ። ይህ ሐሳብ ሰውየው ፊት ላይ ሲወጣ አየሁት። የአቶ ሸረፈዲን ፊት አመድ መሰለ።

ጓድ ክፍሉ ማን አለቃ እንደሆነ ጠየቀ፤ ናፊሳ ተነሣች። መጽሐፉን ሰጥቶ ጮክ ብለሽ አንብቢ አላት። ያቺ ቀፊራን የምታናውጥ ልጅ መጽሐፉን ወደ ፊቷ አስጠግታ በሹክሹክታ አነበበች። አንድም ቃል አልሳተችም።

«እንዲህ እንድትናገሩ ማን ነው ያስተማራችሁ?» አላት።

ናፊሳ መጽሐፉን ዘጋች።

«እቤት የሚያስተምርሽ አለ? እናትሽ ምን ትሠራለች?»

ሃሊሞ ያመጣችው ድንጋይ እዚያው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ቢከፈት የጅቡቲ ምልክት ታትሞበታል። ናፊሳ ወደኔ አላየችም፣ ሆን ብላ ነው ያላየችው። እናቷንም እኔንም ልትሸሽግ በዚያች ትንሽ ትከሻዋ ብቻዋን ቆማለች። ያን ያህል ሸክም ለልጅ አሸክሜ መቆም አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለው ትዝ አላለኝም፤ እናቴም ልጆቼም ትዝ አላሉኝም። ባለኝ ኃይል ሁሉ፣ ከሆዴ ጀምሬ፣ እኔ ነኝ ብዬ ጮኽኩ።

አንገቴ ውስጥ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ከአፌ የወጣው ግን ትንፋሽ ነበር። ደም ደም አለኝ።

ጓድ ክፍሉ ወደኔ ዞሮ፣ ምን አልሽ አለኝ። ደገምኩት። አልሰማም። ጆሮውን አስጠጋ፣ አሁንም አልሰማም። ያን ጊዜ ናፊሳ ከወንበርዋ ወጥታ መጣች። እኔ የምለውን ለክፍሉ መናገር ሥራዋ ነውና እንደ ልማዷ ከንፈሬን አየች። አየችና ፊቷ ተለወጠ። የምትናገረው ምን እንደሚያመጣ ገብቷታል፤ ከሥራ እንደምወጣ እናቷ ስታወራ ሰምታለች። እባክሽ በዪ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። ዞረች፣ አየር ሳበች፣ በዚያ በቀፊራ ድምፅዋ፣ ኮምፔንሳቶው እስኪንቀጠቀጥ ተናገረች።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው ነው የምትለው። ቲቸር ድምፅ የላትም። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅ የላትም።»

ከዚያ ናፊሳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ እሱንም በሹክሹክታ።

ጓድ ክፍሉ ከንዴቱ ወጣ፤ ሰው ነውና አዘነ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። አቶ ሸረፈዲንን ግን ይህን ሳታውቅ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ አቶ ሸረፈዲን ጉንፋን ነበር ያለችኝ አለ። እውነቱን ነው። ኢንስፔክተሩ እኔን ሊረዳ የሚችለውን ነገርም ነገረኝ፤ ሕክምና ያስፈልግሻል፣ ጉዳይሽ ለቦርድ ይቅረብ አለ። ደግ ሰው በእርጋታ ሲቀብርህ መጮህ እንኳን አይቻልም። እኔ ደግሞ እሱ ደግ ባይሆንም መጮህ አልችልም ነበር። ሬዲዮው ወደ እንጨት ሣጥኑ ተመለሰ፤ ክዳኑን የከፈተ ሰው የለም።

ቦርዱ ጊዜ አልፈጀም። ጉሮሮዬን ያየው ሌላ ሐኪም የመጀመሪያውን ሐኪም ወረቀት ጠየቀኝ፤ ከፍራሽ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ ይመለስ ነበር አለኝ። አሁን ገብረ መድኅን ያለበት ዛፍ ሥር አልሄድም፤ ሴት ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አትውልም። የሰው ልብስ አጥባለሁ። ለዚያ ድምፅ አያስፈልግም።

አራተኛ «ለ»ን የያዘው አዲስ አስተማሪ ጎበዝ ነው ይላሉ፤ ጩኸቱ በግቢው አጥር በኩል ሳልፍ ይሰማኛል። የልጆቹን ግን አልሰማም።

ባለፈው ከሰዓት በኋላ እናቴ ሽንኩርት አምጪ ብላኝ ቀፊራ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ናፊሳን ሰማኋት። «ኮታ፣ ካላይ፣ ኑ፣ ቲማቲም» እያለች በሦስት ቋንቋ ገበያውን ታናውጠዋለች። ደስ አለኝ፣ እውነት ደስ አለኝ። ሃሊሞ ቀድማ አይታኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ናፊሳ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጥሪዋ ከመሐል ተቆረጠ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ነበር። እንደ ድሮው የክፍል ጠዋት ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ አሁን ትንፋሹም ብዙ አይወጣም። እሷ ግን አነበበችው። ገዢዎቹ ቆመው እየጠበቋት፣ ናፊሳ ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።